ግጥም ኬላ ላይ ሲያዝ

ይህ አዳማ ላይ ለወጣት ፕሮግራመሮች ያደረግኩት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው ገልብጬዋለሁ። የሳልኩበትንና ፕሮጀክተሩ የጠፋበትን ቦታ አውጥቻለሁ።

እንደምን አመሻችሁ! ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ወንበር አለ። አትፍሩ፣ ጥያቄ አልጠይቅም። መስኮቱን ግን የሆነ ሰው ይዝጋልን። የአዳማ ነፋስ ማይክ አይፈራም።

በአንድ የስልክ ጥሪ ልጀምር።

ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንድ አፕ ሠርተናል። ዘፈን ስትከፍቱ ግጥሙን ያሳያችኋል። ግጥሙን እኛ አንጽፈውም። ውጭ አገር ካለ አቅራቢ በኤፒአይ፣ ማለትም ፕሮግራም ከፕሮግራም ጋር በሚነጋገርበት መንገድ፣ ይመጣል፤ እኛ በየወሩ እንከፍላለን። የዘፈኑን መለያ ቁጥር እንልካለን፣ ግጥሙ ይመጣል፣ እናሳያለን። በቃ። ያኔ እንደዚያ ነበር የመሰለን።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኬ ጠራ። የደወሉት የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። ከአዳማ ጅቡቲ ይመላለሳሉ። ቁጥሬን ያገኙት ከአፑ ላይ ነው። ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ፣ "ልጄ፣ ግጥም ኬላ ላይ ይያዛል እንዴ?" አሉኝ።

"እንዴት ጋሼ?"

"አዳማ ላይ ያሳየኛል። አዋሽ ላይ ያሳየኛል። ሚሌም ያሳየኛል። ጋላፊን ተሻግሬ የጅቡቲ ሲም ስከት 'ግጥሙ አልተገኘም' ይለኛል። ረዳቴ ስልክ ላይ ደግሞ ያው ዘፈን፣ ያው ግጥም ቁጭ ብሏል። አንድ ጋቢና ውስጥ ነን እኮ!"

"ኔትወርክ ይሆናል ጋሼ" አልኳቸው። እኛ አገር ኔትወርክ የማይሸከመው ጥፋት የለም። እሳቸው ግን አልተሸወዱም። "ኔትወርክማ ቢሆን የሱም አይመጣም ነበር" ብለው ዘጉት።

ልክ ነበሩ። ሎጉን፣ የመልእክቶቹን መዝገብ፣ ከፍቼ አየሁት። አቅራቢው የላከልን መልስ "አልተገኘም" አይልም። ዘፈኑ ተገኝቷል። ርዕሱም፣ ዘፋኙም፣ ባለመብቱም ተጽፎ መጥቷል። የግጥሙ ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ከጎኑ አንድ ትንሽ ፊልድ፣ የመረጃ ሳጥን፣ አለች፤ ትርጉሟ "የተገደበ" ማለት ነው። ውስጧ 1፣ ማለትም "አዎ"፣ ተጽፏል። አቅራቢው ሲናገር የነበረው እንዲህ ነው፦ ግጥሙ እኔ ጋ አለ፤ በዚህ አገር ግን እንዳሳየው አልተፈቀደልኝም።

የእኛ ኮድ ያቺን ፊልድ አንድም ቀን አይቷት አያውቅም። የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ግጥሙ ባዶ ከሆነ 'አልተገኘም' በል" ብዬ ነበር። አንዲት መስመር ናት።

ይቺ መስመር ምን እንዳደረገች ልንገራችሁ። "ግጥሙ አልተገኘም" ከሚለው ሥር አንድ ቁልፍ አስቀምጠን ነበር፦ "ግጥሙን ያውቁታል? ይጻፉልን!" የሚል። ጥሩ ሐሳብ መስሎን ነው። ብዙ የቆዩ የአማርኛና የኦሮምኛ ዘፈኖች ግጥም የትም አልተጻፈምና፣ ሕዝቡ ይሙላልን አልን። የእኛ ሰው ደግሞ ግጥም ላይ ጆሮው ስል ነው። አዳምጦ ይጽፋል፣ ፊደል ለቅሞ ያርማል፣ "እዚህ ጋ 'ሆዴ' ሳይሆን 'ሆድዬ' ነው" ብሎ ይከራከራል።

እንግዲህ ጅቡቲ ያለው ሰው "አልተገኘም" ሲባል ቁልፉን ተጫነ። ዱባይ ያለውም ተጫነ። አቅራቢው እዚያ አገር አታሳዩ ያለንን ግጥም፣ ሰዎች በጆሯቸው እያዳመጡ ጻፉልን። እኛም አመስግነን ለጠፍነው። ለወራት። በሩ ላይ የተሰቀለውን "መግባት ክልክል ነው" አውርደን፣ "ግቡና ሙሉልን" ብለን ሰቀልን ማለት ነው።

ከዚያ ከአቅራቢው ደብዳቤ መጣ። ሦስት መስመር። በጣም ትሁት። ትሁት ደብዳቤ ያስፈራል። የተጻፉትን ግጥሞች በቀናት ውስጥ ካላወረድን ወደ ኤፒአዩ የምንገባበት ፈቃድ እንደሚዘጋ ይናገራል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። "ሰዉ በገዛ ጆሮው አዳምጦ ነው የጻፈው፣ ምን አገባቸው?" አልኩ። አንዳንዶቻችሁም አሁን ይህን እያሰባችሁ ነው፤ ፊታችሁ ላይ ይታየኛል። ስለዚህ አንድ ወሬ ላምጣ። ጂኒየስ የሚባለውን የግጥም ድረ ገጽ ታውቃላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019፣ ከእኔ ገጽ ግጥም እየተገለበጠለት ነው ብሎ ጉግልን ከሰሰ። ማስረጃው ድንቅ ነበር። በግጥሞቹ ውስጥ የእንግሊዝኛዋን የአፖስትሮፍ ጭረት (') አንዴ ቀጥ፣ አንዴ ጎበጥ እያደረገ አስቀምጦ ነበር። ጭረቶቹን በሞርስ ኮድ፣ በነጥብና በሰረዝ በሚጻፈው የቴሌግራፍ ፊደል፣ ስታነቧቸው "እጅ ከፍንጅ" የሚል ይወጣል። ያው ጭረት ጉግል ላይ ተገኘ። ግን ክሱ ወደቀ። ይግባኝ ሰሚውም እ.ኤ.አ. በ2022 አጸናው። ምክንያቱን ሳጥረው፦ ጂኒየስ የግጥሙ ባለቤት አይደለም። አዳምጦ መጻፍ፣ ማረም፣ ማሳመር ድካም ነው፤ ግጥሙን ግን ያንተ አያደርገውም። ጂኒየስ ራሱም ቢሆን ግጥም የሚያሳየው ከአሳታሚዎች ፈቃድ ገዝቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ የሙዚቃ አሳታሚዎች ማኅበር ያለ ፈቃድ ግጥም ያሳያሉ ላላቸው 50 ድረ ገጾች ማስጠንቀቂያ ልኮ ነበር። ጂኒየስም ከነሱ አንዱ ነበር።

ይህ እኛንም ይመለከታል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ማለትም በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጃችን፣ መብቱ ደራሲው በሕይወት እስካለ ድረስ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠበቃል።

"እሺ፣ ባለቤት አለው። ታዲያ አዳማ የተፈቀደ ጅቡቲ ለምን ይከለከላል?" ጥያቄው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ዘፈን ውስጥ ሁለት ነገር አለ። የተቀዳው ድምፅ አንድ ነው። ቃሉና ዜማው ሌላ ነው። ድምፁ ብዙውን ጊዜ የቀረጸው ድርጅት ነው። ቃሉ የገጣሚው ወይም ገጣሚው የወከለው አሳታሚ ነው። ሁለቱ ለየብቻ ይሸጣሉ፣ በየአገሩም ለየብቻ ይሸጣሉ። አሳታሚው እዚህ አገር በዚህ ሰው፣ እዚያ አገር በዚያ ሰው ሊወከል ይችላል። ሁለት ገጣሚዎች አንድ ዘፈን ላይ ሲሳተፉ ደግሞ ሁለት አሳታሚ ይመጣል። አንዱ ፈርሞ አንዱ ካልፈረመ ግጥሙ እዚያ አገር አይታይም። ለዚህ ነው ዘፈኑ በስልካችሁ እየተዘፈነ ግጥሙ የማይወጣው። ይህ የኮድ ስህተት እየመሰላቸው ስንቶች ሌሊት እንዳነጉ እኔ አውቃለሁ።

ሕጉ ራሱም በየአገሩ ይለያያል። እኛ ከሞት በኋላ 50 ዓመት እንቆጥራለን። የአውሮፓ ኅብረት 70 ይቆጥራል። ሕንድ 60። ሜክሲኮ 100! ካናዳ እስከ እ.ኤ.አ. 2022 መጨረሻ 50 ነበረች፣ ከዚያ ወደ 70 ዞረች። ልደት ላይ ሁላችንም የምንዘምራትን የእንግሊዝኛዋን "ሀፒ በርዝደይ" ውሰዱ። ከሷ ጋር ስማቸው ከሚነሳው ሁለት እህትማማቾች አንዷ፣ ፓቲ ሂል፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ነው ያረፈችው። በ70 ዓመት ስሌት አውሮፓ ውስጥ እስከ 2016 መጨረሻ ትያዛለች። በ50 ዓመት ስሌት ግን 1996 መጨረሻ ላይ ነጻ ነች። አሜሪካ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ለዓመታት ገንዘብ ሲሰበስብባት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ዳኛው "በቃሏ ላይ ያለህ መብት የጸና አይደለም" አሉት፤ በዓመቱ በ14 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ። ክርክሩ በዜማዋ አልነበረም። በግጥሟ ነው። ጥቂት ቃል ባላት ግጥም!

ስለዚህ "ይህ ግጥም ይታያል?" ብሎ መጠየቅ ብቻውን ትርጉም የለውም። "ይህ ግጥም፣ ዛሬ፣ እዚህ አገር ላለ ሰው ይታያል?" ነው ጥያቄው። ሰው ግጥሙን በከፈተ ቁጥር ይህን መጠየቅ አለባችሁ።

አሁን ወደ ኮዱ። ሰውየው የት አገር ነው ያለው? ቀላል ይመስላል። እኛ ሦስት ጊዜ ተሳስተናል።

አንደኛው ስህተት ከጋሼ ስልክ በፊት ነው። ሰርቨራችን፣ አፑን የሚያገለግለው ኮምፒውተር፣ ጀርመን ነበር። አፑ ሰርቨሩን ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ አቅራቢውን ይጠይቃል። አቅራቢው የሚያየው የሰርቨሩን አድራሻ ነው። የተጠቃሚውን አገር አልላክንለትም። ለካ አዳማ በሙሉ ፍራንክፈርት ከርሟል! ጀርመን የተፈቀደው ሁሉ ለአዳማ ልጅ ይታያል፣ ጀርመን የተከለከለው ለሁላችንም ተከልክሏል። ከኋላ በሰርቨር የምትጠሩ ከሆነ የተጠቃሚውን አገር በግልጽ ላኩ። አቅራቢያችሁ እንዴት እንደሚቀበል መመሪያው ላይ አለ።

ሁለተኛው ያሳፍራል፤ ግን አዳማ ነን፣ ቤተሰብ ነን። ከስልኩ ቋንቋ አገሩን ለመገመት ሞከርን። ስልኩ አማርኛ ከሆነ ኢትዮጵያ ነው አልን። ችግሩ፣ የአማርኛ የቋንቋ ኮድ ኤኤም ነው። በአገሮች ኮድ ደግሞ ኤኤም ማለት አርሜኒያ ናት። የኢትዮጵያ የአገር ኮድ ኢቲ ነው። በቋንቋ ኮድ ኢቲ ማለት ኢስቶኒያኛ ነው። ሁለቱን ዓይነት ኮድ ያደባለቅንበት ሳምንት ሪፖርታችን ላይ አርሜኒያ አንደኛ ወጣች። ጓደኛዬ "አርመኖች ወደዱን" ብሎ ማኪያቶ ጋብዞናል። ደግሞም ቋንቋ አገር አይደለም። አማርኛ ስልክ የያዘ ሰው ዋሽንግተንም፣ ቤይሩትም፣ ናይሮቢም አለ።

ሦስተኛ ላይ የአይፒ አድራሻን፣ ማለትም የስልኩን የኢንተርኔት ቁጥር፣ ወደ አገር የሚተረጉም ዳታቤዝ ተጠቀምን። ይህ ደህና ነው። በአገር ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ ይመታል። የስህተቱ ምንጭ ዳታቤዙ አልነበረም። ያገኘውን መልስ እውነት አድርገን መውሰዳችን ነው። የጋሼ ጋቢና ምስጢርም እዚህ ጋ ተፈታ። ረዳቱ የኢትዮጵያ ሲሙን ሳያወጣ በሮሚንግ፣ ማለትም በዚያው ሲም በሌላ አገር ኔትወርክ ላይ፣ ነበር የሚጠቀመው። በሮሚንግ ዳታው ብዙውን ጊዜ ወደ ሲሙ አገር ኔትወርክ ተመልሶ ከዚያ ነው ወደ ኢንተርኔት የሚወጣው። ስለዚህ ረዳቱ አካሉ ጅቡቲ ነው፣ አይፒው ግን ኢትዮጵያ። ጋሼ የጅቡቲ ሲም ስለከተቱ አይፒያቸውም ጅቡቲ ሆነ። አንድ ወንበር ላይ ሁለት አገር።

ቪፒኤንም አለ፤ ስልካችሁን ሌላ አገር ያለ የሚያስመስል አፕ ነው። እኛ አገር ቪፒኤን የሆነ ሰሞን አስፈልጎ የተጫነ፣ ከዚያ የተረሳ ነገር ነው። አዳማ ተቀምጦ ኔዘርላንድ የሚታይ ሰው ሞልቷል።

ጂፒኤስ እንጠይቅ ያለ ጓደኛ ነበረን። እኔ ተቃወምኩ። ለአንዲት ግጥም ብሎ ሰውን "የቆምክበትን ንገረኝ" ማለት ነውር ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁም፣ ቁጥር 1321/2016፣ ከሚያስፈልገው በላይ አትሰብስብ ይላል። እኛ ከአይፒው ላይ ሁለት ፊደል የአገር ኮድ እንወስዳለን፤ አይፒውን እንጥለዋለን። አገሩ ካልታወቀስ? ክላውድፍሌርን፣ ከሰርቨራችሁ ፊት ቆሞ ጥያቄ የሚቀበለውን አገልግሎት፣ የምትጠቀሙ፣ አገሩን ሳያውቅ ኤክስኤክስ፣ ማንነትን በሚደብቀው በቶር ለመጣ ደግሞ ቲ1 ብሎ ይልክላችኋል። እንዲህ ሲሆን አታሳዩ። "ካልታወቀ ኢትዮጵያ ነው በለው" የሚል ኮድ ካያችሁ አጥፉት። እኛ ጋ ነበረ።

ስለ ካሽ፣ ማለትም ደግሞ ላለመጠየቅ ስለሚቀመጠው ቅጂ፣ ብዙ አላወራም፤ ግን ካሽ ነው ያቃጠለን። ለፍጥነት ብለን ግጥሙን በዘፈኑ ቁጥር ብቻ አስቀመጥነው። አዳማ ያለው መጀመሪያ ከከፈተ ጅቡቲ ያለውም ያየዋል። ጅቡቲ ያለው ከቀደመ ደግሞ ክልከላው ለአዳማው ይተርፋል። ቅጂው የሚቀመጥበት መለያ ዘፈኑና አገሩ አንድ ላይ መሆን አለበት። የተከለከለውን መልስም አስቀምጡ፣ ግን ለአጭር ጊዜ፤ ፈቃድ ዛሬ የለም ነገ ይመጣል። ስልክ ላይ የወረደውም እንዲሁ ነው። ሰው አዳማ አውርዶ ዱባይ ሊከፍተው ይችላል። በተጨማሪ፣ አቅራቢዎች ግጥሙ በታየ ቁጥር እንድታሳውቋቸው ይፈልጋሉ። ከመልሱ ጋር ለዚያ የሚሆን አድራሻ ይልካሉ። ከካሽ አውጥታችሁ አሳይታችሁ ካላሳወቃችሁ ገጣሚው አልተቆጠረለትም።

ከካሽ የባሰው ግን ቀዳዳው ነው። ግጥሙን ደበቅን፣ ደስ አለን። ከዚያ አንዷ ጓደኛችን ጅቡቲ መስላ ገብታ ከግጥሙ አንድ ስንኝ ፈለገች። የፍለጋው ውጤት ስንኙን ከነወንድሞቹ ቁልጭ አድርጎ አወጣው። በሩን ዘግተን መስኮቱን ከፍተን ተኝተናል። ቀጥለን ስንፈትሽ ለጓደኛ የሚላከው ምስል ላይ አራት ስንኝ አለ። ጠዋት የሚላከው ማሳወቂያ ላይ አንድ ስንኝ አለ። የእንግሊዝኛ ትርጉሙም ቁጭ ብሏል፤ ትርጉም ደግሞ ከዋናው የተወለደ ስለሆነ የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቃሉ በምን በምን መንገድ እንደሚወጣ ወረቀት ላይ ጻፉት። እኛ ሰባት መንገድ ቆጥረናል። ሁሉም በአንድ ተቆጣጣሪ ኮድ በኩል እንዲያልፉ አደረግን። ኬላው አንድ ሆነ።

አንዳንድ አቅራቢ በነጻ እቅድ ከግጥሙ 30 በመቶውን ብቻ ይሰጣል። ያም ገደብ ነው፣ ግን የአገር አይደለም፤ ሁለቱን አታምታቱ። በነገራችን ላይ፣ የአማርኛ ግጥም 30 በመቶው ላይ ሲቆረጥ ሰሙን ይዛችሁ ወርቁን ፍለጋ ትቀራላችሁ።

አሁን የምወደው ክፍል። ምን ብለን እንናገር?

"አልተገኘም" የሚለውን ካወረድን በኋላ አዲስ መልእክት ጻፍን። ውጭ አፖች ላይ ከለመድነው አረፍተ ነገር ወሰድነውና፣ "ይህ ይዘት በክልልዎ አይገኝም" አልን። ያማረ መሰለን። በማግስቱ ስልኩ አላቆመም። "ኦሮሚያ ክልል ምን አድርጓችሁ ነው?" አለኝ አንዱ። አዳማ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በቪፒኤን ገብቶ ነው የተከለከለው። ሌላዋ ከሐዋሳ ደውላ፣ "ለሲዳማ ብቻ ነው ወይስ ለሁሉም ክልል?" አለችኝ። እውነቷን ነው! እዚህ አገር ክልል ማለት ምን እንደሆነ ማን አጣው? በእንግሊዝኛ ምንም ያልነበረች ቃል አማርኛ ስትገባ ፖለቲካ ሆነች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ "ክልል" የሚለውን አውጥተን "አገር" አደረግነው።

አሁን እንዲህ ይላል፦ "ይህ ግጥም አለን። አሁን እንዳሉበት በሚታየን አገር ግን ለማሳየት ፈቃድ የለንም።" "በሚታየን" የምትለዋን ቃል ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ እኮራባታለሁ። ልንሳሳት እንደምንችል ትናገራለች። ከሥሩ የታየንን አገር እንጽፋለን። ቪፒኤን የረሳ ሰው "ኔዘርላንድ" የሚል ሲያይ ራሱ ይስቅና ያጠፋዋል። የዘፈኑ ስምና ዘፋኙ ይታያሉ። "ይጻፉልን" የምትለዋ ቁልፍ ግን እዚያ ገጽ ላይ የለችም። እሷ የምትወጣው በእውነት ግጥሙ ሳይኖር ሲቀር ብቻ ነው።

ጥያቄ?

አንድ ወጣት ለዚህ ተብሎ የተበጀውን 451 የሚባለውን የመልስ ኮድ ለምን እንደማንልክ ጠየቀ። ጎበዝ። ያ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ታትሞ የወጣው፤ "በሕግ ምክንያት አይታይም" ማለት ነው። እኔ 200፣ ማለትም "ተሳክቷል"፣ ልኬ ምክንያቱን ውስጡ መጻፍ እመርጣለሁ። ገጹ አልተከለከለም፤ በገጹ ላይ ያለው ቃል ብቻ ነው የተከለከለው። 404፣ ማለትም "አልተገኘም"፣ ግን በፍጹም አትላኩ። እኛ ልከን፣ አፑ "የለም" ብሎ መዝግቦ ፈቃዱ ከመጣ በኋላም መጠየቅ ትቶ ነበር።

ቪፒኤን ለምን አትዘጉም ለሚለው፦ ውላችን አይጠይቀንም። የእናንተ ከጠየቀ ዝጉ። ፖሊስ መሆን ካላስገደዳችሁ ግን አትሁኑ።

የተከለከሉትን አገሮች ራሳችን በሠንጠረዥ ብንይዝስ? ይህን ሞክረናል። በወሩ አረጀ። አቅራቢውን ጠይቁ፣ እሱ ይመልስ።

"ሹፌሩስ?" ያልሽው እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ልደርስባቸው ነበር። አዲሱ መልእክት ከወጣ በኋላ ከጋላፊ ማዶ ሆነው ደወሉ። "አሁን ገባኝ፤ አልጠፋም፣ ተይዟል" አሉኝ። "አዎ ጋሼ።" "ማን ነው የሚያስለቅቀው?" ይህን ማንም ጠይቆን አያውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየአገሩ ስንት ሰው የትኛውን ግጥም ለማየት ሞክሮ እንደተከለከለ እንቆጥራለን። ማን እንደሆነ አንመዘግብም፤ ዘፈኑንና አገሩን ብቻ። በየወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን ለአቅራቢው እንልካለን፤ ፈላጊ እንዳለ ካየ አሳታሚውን ሊያነጋግርልን ይችላል። በመጀመሪያው ዝርዝር ላይ አንደኛ የወጣችው ጅቡቲ ናት። ግማሹን የሞከሩት እሳቸው ይመስሉኛል።